ሀጀራ ሐኪሙን የቋጠረች ዕለት

ከሀጀራ ጋር የተዋወቅነው በክስ ነው። ከባሌ ጋር ወደ መካነ ሰላም ከገባን ገና ወር አልሞላንም፤ ፍየሌ አጥር ጥሳ ገባችና የሀጀራን ነጭ ሽንኩርት ሙልጭ አድርጋ በላች። ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ቀጭን ሴት መጣች። ሰላም አለችኝ። ጤናዬን ጠየቀች፣ የባሌን ጤና ጠየቀች፣ የፍየሏንም ጤና ሳትዘል ጠየቀች፤ ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ ያዘችና ከራሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን ማለቂያ፣ በኛ አገር ተበዳይ በዳዩን ዳኛ ፊት የሚያቀርበው እንዲህ ነበር። ፖሊስ ፍለጋ አይኬድም። ልብስ ከልብስ ይቋጠራል፤ የተቋጠረ ሰው ዳኛ ሳያየው ቋጠሮውን ቢፈታ ወይም ልብሱን ጥሎ ቢሄድ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። ሀጀራ እየጎተተች ገበያውን አሻግራ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ ታስተዋውቀኛለች። "አዲሷ ጎረቤቴ ናት፤ ንግሥቴ ትባላለች፤ ደግ ሴት ትመስላለች፤ ፍየሏ ናት የከፋችው" ትላለች። እኔ በእፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ተፈረደብኝ፤ ካሣ ከፈልኩ። በማግስቱ ሀጀራ የተረፈውን ሽንኩርት በሰፌድ ይዛልኝ መጣች። "ሀቁ እንዲታወቅ ነው እንጂ ሽንኩርቱስ ይበቅላል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ክርስቲያን እሷ እስላም ሆነን ሥጋችንን ብቻ ለየብቻ እየበላን የቀረውን ሁሉ አብረን ኖርን። ሰው ሀጀራን ነገረኛ ይላታል። ነገረኛ ናት፤ ማን ይክዳል? ግን በሐሰት ከሳ አታውቅም፤ ተበድላም ዝም ብላ አታውቅም። ይሄ ሁለተኛው ነው ሰውን የሚያስቸግረው።

እንግዲህ የምጽፈው የጡቷን ነገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነውና አጻጻፌን የሚነቅፍ ካለ እሱ ይጻፈው።

ረምዚያ የሀጀራ አምስተኛ ልጅ ናት። አራቱን እሺ ብሎ ያጠባ ጡት በአምስተኛዋ ላይ አመፀ። ግራው አበጠ፣ ቀላ፣ ጋለ። ዱበርቲዎቹ፣ እነዚያ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ለሰው የሚለምኑ አሮጊቶች፣ መጥተው ዱዓ አደረጉላት፤ እኔም ጠበል አመጣሁላት። ሁለቱንም ተቀበለች። "ሽፋው፣ መዳኛው፣ በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ማንንም አላስቀይምም" አለች። እብጠቱ ግን ሁላችንንም አስቀየመን። በመጨረሻ የከተማችን ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢውም መርፌ ወጊውም እሱ ብቻ ነው፣ አይቷት ራሱን ነቀነቀ። "ይህ ከኔ እጅ በላይ ነው፤ ደሴ ውሰዷት" አለ።

ባሏ ጀላል በበቅሎው ጭኖ እስከ ወረኢሉ፣ ከወረኢሉ በጭነት መኪና ደሴ አደረሳት። ጀላል ቅቤና ማር እያመላለሰ የሚነግድ ሰው ነው፤ ሲበዛ ዝምተኛ። ዝም የሚለው ሀጀራ የሁለቱንም ድርሻ ስለምትናገርለት ይመስለኛል። ደሴ ካሉት ሐኪም ቤቶች ባንዱ ተኛች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ዛሬም ሰው ይድንበታል። ፈረንጅ ሐኪም ጡቷን ቀዶ መግሉን አወጣ፣ ቁስሉን በፋሻ አሸገው። ሂሳቡ ሲመጣ ጀላል በቅሎዋን ሸጠ። በበቅሎ የሄደ ነጋዴ በእግሩ ተመለሰ፤ እሷ ደግሞ በልመና በተገኘች አህያ።

ሀጀራን ያበገናት የበቅሎዋ መሸጥ አልነበረም። "ምርመራ" የሚሉት ነበር።

"ምርመራ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለችኝ፣ ልጠይቃት ስገባ ከመደቡ ላይ ሳትነሳ። "ፈረንጁ ጠየቀኝ። የት ያምሻል፣ መቼ ጀመረሽ፣ ስንት ወልደሻል። እኔ መለስኩ። ከዚያ ከፈልኩ።"

"መልሰሽ የከፈልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኛ። እንግዲህ አስቢው፤ ለመለስኩት ይህን ያህል ካስከፈሉኝ፣ ብጠይቃቸው ኖሮ ዳልቻንም አይነዷትም?"

ዳልቻ ላማቸው ናት። በቅሎዋ ከሄደች ወዲህ በደጃቸው የቀረች እንስሳ እሷ ብቻ ነበረች። ስቄ ነበር። ሳቄ የቆመው መጠየቅ ፈልጋ ምን እንዳልጠየቀች ስትነግረኝ ነው። ከሐኪም ቤት በወጣችበት ዕለት አንዲት ነርስ "ቁስሉ እስኪድን እንዳታጠቢ" ብላት ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ግራውን ነው ወይስ ሁለቱንም? ጥያቄው ሀጀራ አፍ ውስጥ ነበር። ነገር ግን በዚያ ግቢ ካርዱ በገንዘብ፣ መርፌው በገንዘብ፣ አልጋው በገንዘብ ነው፤ ጥያቄ ብቻ በነፃ ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ የጀላል ኪስ ደግሞ ባዶ ነበር። ጥያቄዋን ይዛ ተመለሰች።

ስለዚህ ሁለቱንም ከለከለች። "መርዙ ከግራው ወደ ቀኙ ተሻግሮ እንደሆነስ? ልጄን በገዛ እጄ ልግደላት?" ትላለች። ረምዚያ የዳልቻን ወተት በጡጦ ይዛ ቀረች። ቀኙ ጡት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ይሞላል፣ ይወጠራል። ጠዋትና ማታ ወደ ጓሮ ወርዳ አመድ ላይ ታልበዋለች። እኔ በአጥሩ በኩል አያታለሁ። ስታልብ ፊቷን ታዞራለች። ከጓዳ የልጅቷ ልቅሶ ይሰማል፤ የላም ወተት ሆዷን ይነፋታል፣ ታስመልሰዋለች፣ አንገቷ ቀጠነ። ያን ጊዜ ነው የዳልቻ ነገር የገባኝ። ያቺ ላም ከሌለች ያቺ ልጅ የለችም።

ቁስሉም አልድን አለ። ይዘጋል ሲሉት ይከፈታል፤ ትኩሳቱ ሄደ ሲሉት ይመለሳል። አንድ ቀን ድሬሰሩ ሲያጥብላት ነጭ ነገር ታየውና በመቆንጠጫ ሳብ አደረገው። ሀጀራ የጮኸችው ጩኸት ገበያ ድረስ ተሰማ። ድሬሰሩ እጁን ሰበሰበ። "ይህ የሰው ሥጋ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "የከተቱት ይወቁት፤ ተመለሱ።"

በዚህኛው ጉዞ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። ጀላል አራት ልጆችና አንዲት የምትታለብ ላም ይዞ ቀረ። እኔ ረምዚያን አዝዬ፣ ሀጀራን አስደግፌ፣ በየመንገዱ ወተት እየለመንኩ ደሴ ገባሁ። ጠባዬ በደህናውም ቀን የሚያኮራ አይደለም፤ ደሴ ስደርስ ደህና አደርሽ የሚለኝ ሁሉ ጠላቴ ነበር።

ሀጀራ እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነች። አልታየች የምትባል ነርስ፣ የፈረንጁን ቋንቋ የምታውቀውና የምትተረጉምለት እሷ ናት፣ በሳህን ላይ አንድ ነገር ይዛ ወጣች፤ ጣት የሚያህል ጥቅልል ፋሻ፣ ቀለሙ የማይነገር። ሊጥሉት ነበር፤ ሀጀራ ግን ከማደንዘዣው ገና በግማሽ እንደነቃች አየችው። ሌላ ሴት ብትሆን "ወይኔ" ትላለች። ሀጀራ ምላሷ እየተሳሰረ "የማን ነው?" አለች።

አልታየች ግራ ገባት። "የ... የሐኪም ቤቱ ፋሻ ነው።"

"ንግሥቴ፣ ሰምተሻል" አለችና ሀጀራ መልሳ ተኛች።

ስትነቃ የመጀመሪያ ሥራዋ ፋሻውን ማስመለስ ነበር። አሳጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አኖረችው። ያን ጊዜ ነገር እንደመጣ ገባኝ። ልትድን ነው ብዬም ደስ አለኝ፤ ሀጀራ ክስ ካማራት ነፍሷ ተመልሳለች ማለት ነው።

ቁስሏ በደንብ መጠገግ እንደጀመረ መውጣት ትችላለች ተባለ። ወደ ገንዘብ ያዡ መስኮት ቀረብን። ገንዘብ ያዡ ክራቫት ያሰረ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎልማሳ ነው። ካርዷን አገላበጠና ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን፣ ለአልጋው፣ ለመድኃኒቱ ብሎ ሂሳቡን ጠራ። የዳልቻን ዋጋ ማን እንደነገረው እንጃ፤ ልክ እሱኑ ነው የጠራው።

ሀጀራ አልተቆጣችም። ድምጿ ለስለስ አለ። እኔ ይህን ለስላሳ ድምፅ በፍየሌ ጊዜ ሰምቼዋለሁና ወደ ኋላ ራቅ አልኩ።

"ወንድሜ፣ ያንተ ከብት እኔ ማሳ ገብቶ ሰብሌን ቢበላ ካሣው በማን ነው?"

"እኔ ከብት የለኝም።"

"ቢኖርህ።"

"በባለከብቱ ነዋ" አለ ሰልችቶት።

"ከብቱን ለማስወጣት እረኛህ አጥሬን ቢያፈርስስ? ያጥሩ ዋጋ?"

"እሱም በባለከብቱ። ሴትዮ፣ ሰው ተሰልፏል።"

"ጎሽ። ይሄ ፋሻ የናንተ ነው፤ ነርሷ መስክራለች፤ ንግሥቴ ሰምታለች። ማሳው ይሄው" አለችና ደረቷን በመዳፏ ነካች። "ገብቶ ከረመበት። እናንተው አጥሩን አፍርሳችሁ አወጣችሁት። አሁን ደግሞ ያወጣችሁበትን ልክፈል ትሉኛላችሁ። የግጦሹን ስላልጠየቅኳችሁ አመስግኑኝ እንጂ።"

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ገንዘብ ያዡ ጆሮው ቀላ። ደንብ ነው አለ። ደንቡን ያወጣው እሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ሳይከፈል መውጣት እንደሌለ ተናገረና ዘበኛውን ጠርቶ አደራ አለው። ከዚያ ትንሽ አዘነ መሰለኝ፣ "ካልቻልሽ ካገርሽ ገዥ የድህነት ወረቀት አስመጪ፤ በነፃ ትታከሚያለሽ" አላት።

ይህን ባይላት ይሻል ነበር።

"እኔ ድሃ አይደለሁም" አለች ሀጀራ፤ ድምጿ አሁን ለስላሳ አይደለም። "ላም አለኝ፣ ባል አለኝ፣ ጓሮ አለኝ። እኔ የተበደልኩ ነኝ። ድህነትና በደል አንድ ወረቀት ላይ አይጻፍም።"

አልጋዋ ላይ ተመልሰን ተቀመጥን። እኔ ንዴቴን መደበቅ አልችልም። ወረቀቱን ብታስመጣ ምን ይጎድልባታል? ድሃ ነሽ ቢሏት ትጠቁራለች? ይህንኑ ነገርኳት።

"ወረቀቱን ከወሰድኩ ፋሻውን የከተትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው" አለች። "ከከፈልኩ ደግሞ ዳልቻ ሄደች። ዳልቻ ከሄደች ይቺ ምን ትጠጣ?"

ረምዚያ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ደሴ የምንገዛው ወተት ውሃ የበዛበት ነበርና ማልቀስ እንኳ ታክቷት ነበር። ሀጀራ የቀኝ ደረቷ ነጠላዋን አርጥቦት ነበር፤ ተነሥታ ልታልበው ወደ ጓሮ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ዶክተሩ ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው ሲያልፍ አየነው። ረጅም፣ አንገቱ የቀላ፣ ሲሄድ መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሀጀራ ብድግ አለችና መንገዱ ላይ ቆመች።

"በጃንሆይ አምላክ" አለች፣ ግቢው እስኪሰማ።

ይህ ቃል ሲጠራ ያኔ ሰው ባለበት ይቆማል። ሌባ ይቆማል፣ ባለሥልጣን ይቆማል፣ በቅሎ ላይ ያለ ይወርዳል። ቃሉን ሰምቶ ያለፈ ዙፋኑን እንደናቀ ይቆጠራል። ዶክተሩ አንገቱን ጎንበስ አደረገ፣ በሚያውቃት አማርኛ "ደህና ነኝ" አለና አለፈ።

ዘበኛው ፈንታዬ አሮጌ ወታደር ነው። እጁ ላይ የነበረው ዳቦ ወደቀ። ሮጦ ዱላውን በዶክተሩ ፊት ጋረደ። "ይቁሙ ዶክተር፤ ስም ተጠርቷል" አለ። ሀጀራ በዚህ መሀል ደርሳ የነጭ ጋዋኑን ጫፍ ከነጠላዋ ጋር ቋጥራ ጨርሳለች። ዶክተሩ ቋጠሮውን አየና ፈገግ አለ። ያገሩ ምርቃት መስሎት ነው።

አልታየች እየሮጠች መጥታ አስረዳችው። ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ። አንድ ክንዱን ከጋዋኑ ማውጣት ሲጀምር ፈንታዬ ራሱን ነቀነቀ።

"ካወለቁ አመኑ" አለ።

አልታየች ተረጎመችለት። ክንዱን መልሶ ከተተ። ምን ያህል ጊዜ ተቋጥሮ እንደሚቆይ ጠየቀ። ዳኛ እስኪገኝ ተባለ። ዶክተሩም በሽተኞች ይጠብቁታልና ሥራውን ቀጠለ፤ ሀጀራም ተከተለችው። እንዲህ ያለ ጉብኝት ያ ሐኪም ቤት ከዚያ በፊት አላየም። እሱ ባንድ በኩል የሴቶቹን ልብ ያዳምጣል፣ እሷ በሌላ በኩል "እንዴት አደርሽሳ፣ ልጆችሽን ማን ያዘልሽ?" ትላለች። ጎንበስ ሲል ትጎነበሳለች፤ ሲዞር ትዞራለች። አንዲት ሴት ከዶክተሩ ሰሞኑን ሁሉ የደበቀችውን የጎን ውጋት ለሀጀራ ነገረቻት፤ አልታየች ሰምታ ተረጎመችው። ዶክተሩ ሀጀራን ትንሽ ቆም ብሎ አያት።

ዳኛው የተገኘው ወንዶቹ ክፍል ነው። ግራዝማች ካሳ የኩታበር አጥቢያ ዳኛ ናቸው፤ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው በጀሶ ታስሮ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ሲበዛ ሰልችቷቸው ነበር። ክስ መጣልዎት ሲባሉ ዓይናቸው በራ፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ። አጠገባቸው የተኙት ሸህ ሷሊህ፣ ወረኢሉ ቁርኣን የሚያስቀሩ አዛውንት፣ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ሁለቱም ዓይናቸው ታሽጓል። ግራዝማች ሽማግሌ እንዲሆኑ ጠየቋቸው። "እኔ ምን አያለሁና?" ቢሏቸው "ለዚህ እኮ ነው፤ አያዳሉም" አሏቸው።

የግራዝማች አልጋ ከነተሰቀለው እግር ተገፍቶ ግቢው መሀል፣ ባሕር ዛፉ ሥር ወጣ። መራመድ የሚችል በሽተኛ ሁሉ ተከተለ። ገንዘብ ያዡ ወረቀቶቹን ይዞ እየተጣደፈ ደረሰ።

"ግራዝማች፣ ይህ ፍርድ ቤት አይደለም" አለ። "እርስዎም የኩታበር ዳኛ ነዎት እንጂ የደሴ አይደሉም።"

"ልጄ፣ የተሰበረው እግሬ ነው" አሉ ግራዝማች። "ከሳሽ፣ ተናገሪ።"

ሀጀራ ተናገረች። ፍየሏንም፣ ማሳውንም፣ አጥሩንም፣ እረኛውንም አመጣችው። ስትጨርስ "ሐሰት ብናገር በጉንዶ ማር" አለች። ጉንዶ የማር መያዣ ዕቃ ነው። ያኔ ተሟጋች በነገሩ መተማመኑን የሚያሳየው ሲወራረድ ነው፤ የተረታ ያስያዘውን ለዳኛው ይከፍላል። ግራዝማች ወደ ዶክተሩ ዞሩ። ገንዘብ ያዡ ሐኪም ቤት አይወራረድም ብሎ ጮኸ። ዶክተሩ ግን "ማር" የሚለውን ቃል ያውቀው ነበርና "ጥሩ ነው" አለ። ግራዝማችም ውርርዱ ጸደቀ አሉ።

ገንዘብ ያዡ ደንቡን አነበበ፤ ሁለት ኦፕራሲዮን ሁለት ሂሳብ ነው አለ። ሸህ ሷሊህ አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ።

"ልጄ፣ አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ መቆፈሪያውን ውስጡ ቢረሳው፣ መቆፈሪያውን ሲያወጣ እንደገና የቆፋሪ ዋጋ ይጠይቃል?"

ገንዘብ ያዡ ደንቡን ገለበጠ፤ ስለ መቆፈሪያ የተጻፈ አላገኘም። አልታየች ይህን ሁሉ በዶክተሩ ጆሮ እያንሾካሾከች ስትተረጉም ቆይታለች። ዶክተሩ እጁን ዘረጋ። ፋሻውን እንድታሳየው ነው የጠየቀው። ሀጀራ ከጨርቁ ፈትታ ሰጠችው። ገልብጦ ገልብጦ አየው። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረ። አልታየች አልተረጎመችም፤ ዞራ እሱን አየችው። ደግሞ ተናገረ።

"ምን ይላል?" አሉ ሸህ ሷሊህ።

"‘የኔ ነው’ ይላል። ‘የረሳሁት እኔ ነኝ። ለዚህ እንድትከፍል አልፈቅድም፤ ቢነገረኝ ያኔውኑ አስቀር ነበር’ ይላል።"

ከሁሉ ያዘኑት ግራዝማች ካሳ ነበሩ። "ተከሳሽ እንዲህ ቶሎ ካመነ ዳኛ ምን ይሠራል?" አሉ። ያም ሆኖ ፈረዱ። ሁለተኛው ሂሳብ ቀርቷል፤ ገንዘብ ያዡ ካርዱ ላይ ይጻፍበት። ዶክተሩ ጉንዶ ማሩን ያግባ። ማሩን እንኳ አልተዉለትም።

"ካሣ ይቀራል" አሉ። "ከሳሽ፣ ካሣሽን ጥሪ።"

ከሕዝቡ መሀል አንዱ በቅሎ አለ፤ ሌላው ከነኮርቻዋ አለ። እኔም ከኋላዋ ሆኜ "በቅሎሽን፣ በቅሎሽን በያቸው" እያልኩ ጎኗን ወጋ ወጋ አደርጋታለሁ። ዳልቻ ድናለች፤ አሁን ደግሞ በቅሎዋ ብትመለስ ጀላል ምን ይለኝ? ሀጀራ ግን የነጠላዋን ቋጠሮ ትነካካ ጀመር። ካወቅኳት ጀምሮ ዳኛ ፊት ቆማ ቃል ሲያጥራት አይቼ አላውቅም።

"በቅሎም አልል" አለች ኋላ። "አንድ ነገር ልጠይቀው። ለጥያቄው እንዳልከፍል ግን ይፈረድልኝ።"

ግራዝማች አልገባቸውም። ገንዘብ ያዡም አልገባውም። "ለጥያቄ መች ይከፈላል?" አላት።

"አይከፈልም?"

"ተከፍሎበት አያውቅም። የመጣ ሁሉ ይጠይቃል።"

ሀጀራ ፊቷን ከሱ ወደ ዶክተሩ አዞረች። ቀስ ብላ ተናገረች፤ ከፊት የቆሙት እንኳ በደንብ አልሰሙም። "እንዳታጠቢ ያላችሁኝ ግራውን ነው ወይስ ሁለቱንም? ቀኙ ልጄን ይገድላታል?"

አልታየች ተረጎመችለት። ዶክተሩ ሲመልስ ቀኝ እጁን አነሥቶ ወደ ረምዚያ ጠቆመ፤ እኔም ከትርጉሙ በፊት ገባኝ።

"ግራውን ብቻ ነው ይላል። ቀኙ ጤነኛ ነው። መቼም ታሞ አያውቅም። ከመጀመሪያውም ማጥባት ትችይ ነበር ይላል።"

እኔ ያን ጊዜ የታየኝ አመዱ ነው። ያ ሁሉ ወተት። ጠዋት ጠዋት ፊቷን አዙራ ስታፈሰው፣ ልጅቷ ከጓዳ ስታለቅስ። ንዴቴ በማን ላይ እንደሚወርድ አጣሁ፤ በዚያች እንዳታጠቢ ብላት ባለፈች ነርስም፣ በገንዘብ ያዡም፣ በፈረንጁም፣ ባገሩም ላይ ነበር። ዕንባዬ መጣና ይብስ ተናደድኩ።

ሀጀራ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቋጠሮው ገና ስላልተፈታ ዶክተሩ ወደ ጎን ተስቦ ጎበጥ ብሎ ቆመ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ረምዚያን ከጀርባዬ አውርጄ ሰጠኋት። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ግራዝማች መዞር አይችሉምና ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ሸህ ሷሊህ ብቻ እንደነበሩ ነበሩ።

ልጅቷ እምቢ አለች። ጡጦ ለምዳለች፤ ፊቷን አዞረች፣ ተንፈራገጠች፣ ጮኸች። ሀጀራ ወተቱን በጣቷ ከንፈሯ ላይ አስነካቻት። እንደገና እምቢ አለች። ዱዓ ያደረጉት ሸሁ ብቻ አይደሉም፤ እኔም በልቤ እመቤቴን ያዝኳት። ልጅቷ ለመጮኽ አፏን ስትከፍት ጡቱ ገባ፤ ጩኸቷም መሀል ላይ ቆመ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚሰማው የልጅቷ ጉሮሮ ብቻ ሆነ።

ሀጀራ አለቀሰች። ሲቀዷት አላለቀሰችም፣ በቅሎዋ ስትሸጥ አላለቀሰችም። አሁን ዕንባዋ የልጅቷ ራስ ላይ ይንጠባጠባል፤ አትጠርገውም።

ዶክተሩ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረና ለአልታየች አንድ ነገር ሹክ አላት።

"ሌላ ምን ላድርግላት ይላል" አለች አልታየች።

ሀጀራ ቀና አላለችም።

"ምንም። ዝም ብሎ ይቁም በይው፤ ሲነቃነቅ ነጠላው እየተጎተተ ልጅቷን ያስደነግጥብኛል።"

አልታየች ተረጎመችለት። ዶክተሩም ረምዚያ ጠግባ እስክትተኛ ድረስ ቆመ።